ኮሌጅ የጨረሰ ወንድሜ ሴፍቲኔት ይግባ ወይስ ይቅርበት?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። በቧንቧ ሥራ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከተመረቀ አራት ዓመት ሞላው፤ ከአልፎ አልፎ የቀን ሥራ በስተቀር ቋሚ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። የምንኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በቅርቡ ቤተሰባችን በወረዳው ለከተማ ሴፍቲኔት ተመልምሏል። እናታችን ታማሚ ስለሆነች፣ እኔም ትንሽ ልጅ ስላለኝ፣ የሚሠራው እሱ ነው ተብሏል። እሱ ግን ‹ኮሌጅ ጨርሼ መንገድ አልጠርግም፤ እዚያ ከገባሁ እዚያው ነው የምቀረው› ይላል። እናታችን ደግሞ ‹ከመቀመጥ ይሻላል› ትላለች። እውነት እንዲህ ያለው የመንግሥት ሥራ ለዓመታት ሥራ ያጣን ሰው ወደ ሥራ ይመልሰዋል? ወይስ ድሃን ማባበያ ነው?»

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ ምክሬን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ይግባ። ነገር ግን ሥራ አገኘሁ ብሎ አይግባ፤ ሥራ የምፈልግበት ስንቅ አገኘሁ ብሎ ይግባ። «እዚያው ነው የምቀረው» የሚለው ስጋቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም፤ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። እናትዎ ያሉትንም የሽማግሌ ማጽናኛ አድርገው አይውሰዱት፤ እሱም በጥናት የተደገፈ ነው። ሁለቱ ስለ ተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ነው የተጣሉ የሚመስሉት። እናትዎ የሚያስቡት ዛሬ እንዴት እንደሚታለፍ ነው፤ ወንድምዎ የሚያስበው ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንደሚገኝ ነው።

ስለ ፕሮግራሙ ምንነት ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚያዝንበት ቅጥር መስሎት ገብቶ ቅጥር አለመሆኑን ኋላ ሲረዳ ነውና። የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ በየዓመቱ እህል የሚያጥረው ቤተሰብ የዕርዳታ ጥሪ እስኪሰማለት እጁን አጣጥፎ ከሚጠብቅ፣ እርከን እየሠራና ችግኝ እየተከለ አስቀድሞ የሚያውቀውን ድጋፍ በወቅቱ እንዲያገኝ ነበር። ከተማው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ተከተለ። የከተሞች የምግብ ዋስትናና የሥራ ዕድል ፈጠራ ስትራቴጂ በ2007 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በማግስቱ ዓመት የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ጨመረበት። ሥራው በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ እና ሰመራ ሎግያ። ዕቅዱ 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ነበር። ከእነዚህ 84 ከመቶው መሥራት የሚችሉ ሆነው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ 16 ከመቶው ደግሞ በእርጅና፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት የማይችሉ ሆነው ያለ ሥራ በሚከፈል ቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ ታሰበ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በ400 ሚሊዮን ዶላር የዓለም ባንክ ገንዘብ የመጣው ተከታዩ ምዕራፍ ወደ 83 ከተሞች ሰፋ፤ ለወጣቶች የሥራ ላይ ልምምድንም ጨመረ። ወደዚህ ልምምድ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለወንድምዎ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ከዚህ የሚረዱት አንድ ነገር አለ። ለሴፍቲኔት የሚመለመለው ቤተሰብ ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም። እናትዎ ብቻቸውን የሚኖሩ ቢሆኑ ኖሮ ለቀጥታ ድጋፍ ይታጩ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ጉልበት ያለው ሰው ስላለ ነው ቤተሰቡ ወደ ሥራው የተመደበው። ስለዚህ ወንድምዎ «አልገባም» ሲል የሚቀረው የእሱ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የእናትዎ መድኃኒት መግዣም አብሮ ይቀራል። ይህን የምለው ጥፋተኛ ላደርገው ፈልጌ አይደለም፤ ውሳኔው የአንድ ሰው ኩራት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ቁጭ ብላችሁ እንድትነጋገሩበት ነው።

ገንዘቡን በቁጥር እንየው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሲጀመር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል፤ ቤተሰቡ ቢበዛ እስከ አራት ሰው ይቆጠርለታል። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 20 ቀን ሠርቶ 1,200 ብር ያገኝ ነበር ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 20 ከመቶው፣ 240 ብሩ፣ በግዴታ ቁጠባ ይያዛል፤ 960 ብር እጅ ይገባል። ሦስት ሰው ያለበት ቤት 15 ቀን ይደርሰዋል። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ የአሁኑን ከወረዳችሁ ይጠይቁ። ከታሪፉ ይልቅ የምጠቁምዎት የቀኑን ቁጥር ነው። 15 ቀን የተመደበለት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ቀሪው የወሩ ግማሽ የራሱ ነው። በሚሠራበት ቀንም ሥራው በአብዛኛው ማለዳ ተጀምሮ ከቀትር በፊት ያልቃል። ስለዚህ «እዚያው እቀራለሁ» የሚለው ነገር የሚወሰነው በተረፈው ጊዜ በሚሠራው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እምብርት ልግባ፤ ወደ ሥራ ይመልሰዋል ወይ?

በራሱ፣ አይመልሰውም። ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ምክንያቱም በየመድረኩ «ሴፍቲኔት ወደ ሥራ ያሸጋግራል» እየተባለ ሰው የማይሆን ተስፋ ሲሰጠው ማየት ያመኛል። ካርድ፣ ክሉቨ እና ዌበር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሥራ ከ200 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ለሥራ አጦች የሚሰጡ ድጋፎችን አነጻጽረዋል። ሥልጠና ውጤቱ ቢዘገይም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ይታያል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በሕዝብ ሥራ ላይ ለጊዜው ማሠራት ግን በኋላ ሥራ በማግኘት ረገድ ለውጡ እጅግ አነስተኛ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ወደ ኋላ ጎትቷል። በአውስትራሊያ «ዎርክ ፎር ዘ ዶል» የተባለው፣ የሥራ አጥነት አበል የሚወስዱ ሰዎች በምላሹ የማኅበረሰብ ሥራ እንዲሠሩ የሚያስገድደው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሞከር የገቡት ሰዎች ካልገቡት አቻዎቻቸው ይልቅ አበል ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው ተገኙ። ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥራ የሚፈልጉበትን ሰዓት ሥራው ወሰደባቸው፣ የሠሩትም ነገር ቀጣሪ ዘንድ ብዙ የሚቆጠር አልነበረም። ወደ እኛ ቀረብ ያለው ምሳሌ አይቮሪኮስት ነው። በዚያ ወጣቶች በዕጣ ተመርጠው ለሰባት ወር በመንገድ ጥገና ላይ ሠሩ፤ እየሠሩ ሳሉ ገቢያቸው አደገ፣ ቆጠቡ፣ መንፈሳቸውም ተሻሻለ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲጠኑ ግን ሥራ በማግኘት በኩል ዕጣ ካልወጣላቸው እኩዮቻቸው የተለዩ አልነበሩም።

ወንድምዎ የሚፈራው ይህንን ነው፤ አልተሳሳተም። የሚሳሳተው ሌላውን ግማሽ ሲተወው ነው።

ሥራ ማጣት ከዓመት ሲያልፍ፣ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አቆጣጠር «የረጅም ጊዜ ሥራ አጥነት» የሚባለው ደረጃ ሲደርስ፣ ችግሩ ገንዘብ ብቻ መሆኑ ያበቃል። በዚህ ላይ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ የሚያሳምነኝ የአንዲት የኦስትሪያ መንደር ታሪክ ነው። ማርየንታል ትባላለች፤ ከቪየና ብዙ አትርቅም። መንደሩ በሙሉ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይኖር ነበር፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ተዘጋ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳ እና ባልደረቦቿ ሰዉ ምን እንደሆነ ለማየት ሄዱ። ያዩት የጠበቁትን አልነበረም። ጊዜ የተረፈው ሰው የሚያነብ፣ የሚሰበሰብ፣ ፖለቲካ የሚከታተል ይመስል ነበር፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣው መጽሐፍ ግን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ በዋናው መንገድ ላይ የሚያልፉትን በመስኮት እየተመለከቱ አካሄዳቸውን ለኩ፤ ወንዶቹ እርምጃቸው ተንቀራፏል፣ መንገድ ላይ ደጋግመው ይቆማሉ። ጠዋት ምን ስትሠራ ዋልክ ሲባል የሚመልሰው የሚጠፋው ወንድ ብዙ ነበር። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ሥራ ስለማያልቅባቸው እርምጃቸው እንደ ወንዶቹ አልቀዘቀዘም። ማንኛውም የሰፈራችን ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ልጅ ፊቱ ላይ ይመጣበታል። በመጀመሪያው ዓመት ማመልከቻ ይዞ ሲሮጥ የነበረ፣ በሦስተኛው ዓመት ከሰዓት ላይ ተነሥቶ የሚወጣ። ስንፍና ብለን የምንገሥጸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ማጣቱ ያመጣው ነው።

ያቺው መንደር ዛሬ ግራማትኖይዚድል በሚባለው ቀበሌ ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የታችኛው ኦስትሪያ የሥራ አገልግሎት በዚሁ ስፍራ አንድ ሙከራ ጀመረ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ያጣ ነዋሪ ሁሉ፣ ከፈለገ፣ ደመወዝ ያለው ሥራ እንደሚያገኝ ዋስትና ሰጠ። ማንም አልተገደደም። በመጀመሪያ የሁለት ወር ዝግጅት፤ ከዚያ ለሰውየው ጤናና ችሎታ የሚስማማ ሥራ፤ አንዱ በአናጢነት፣ ሌላው በመናፈሻ እንክብካቤ፣ ሌላው አረጋውያንን በመርዳት። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ውጤቱን ተከታትለዋል። ገቢያቸው ብቻ ሳይሆን መንፈሳቸው፣ የቀን ውሏቸው ሥርዓት፣ በሰው ዘንድ ያላቸው ቦታ ተሻሽሎ ተገኘ። እናትዎ «ከመቀመጥ ይሻላል» ያሉት እንግዲህ ይህንን ነው። ለወንድምዎም ሲነግሩት «ገንዘብ ታመጣለህ» ብለው አይጀምሩ፤ አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት፣ ስሙ የሚጠራበት መዝገብና የሚጠብቀው ቡድን ያስፈልገዋል።

ስለ አዲስ አበባ የሚታወቀውን ከዚህ ላይ መጨመር አለብኝ፤ በአገር ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ነገር ነውና። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ገንዘቡ ለሁሉም ወረዳ በአንድ ጊዜ ስላልበቃ የትኛው ወረዳ ቀድሞ እንደሚጀምር በዕጣ ተለየ። ያ ዕጣ ለተመራማሪዎች ትልቅ ዕድል ሆነ፤ ዕጣ የወጣለትንና ያልወጣለትን ወረዳ ማነጻጸር ተቻለ። ግሩም አበበ፣ ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌማን ኢምበር እና ካሮሊና ሜሂያ ማንቲያ ባደረጉት ጥናት ሴፍቲኔት የገቡት ሰዎች በግል ሥራ ላይ የሚያውሉትን ሰዓት ቀንሰዋል። ይህ መጥፎ ዜና ሊመስል ይችላል። ግን ማን ነው ሰዓቱን የቀነሰው? ልብስ አጣቢዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ በየግንባታው ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሰው የቀን ሠራተኛ ነው። እነዚህ ሰዎች ሌላ አማራጭ ሲያገኙ የተሰጣቸውን ዋጋ ሁሉ ተቀብለው መሥራታቸው ቀረ። ፕሮግራሙ በመላው ከተማ ሲዳረስ የግሉ ዘርፍ ክፍያ 18.6 ከመቶ እንዳደገ ገምተዋል። ለድሃው ያስገኘው ጥቅምም የግሉ ዘርፍ ክፍያ ጭማሪና የጸዳው ሰፈር አብረው ሲቆጠሩ፣ እነሱ ሳይቆጠሩ ከሚሆነው ስድስት እጥፍ ይሆናል።

በእኛ አገር ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ለግል ተቀጣሪ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንም፤ የሥራ አጥነት አበልም የለንም። ጀርመንን እንውሰድ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ «የአንድ ዩሮ ሥራ» የሚባል አለ፤ ሰውየው የመኖሪያ አበሉን እየወሰደ በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ዩሮ ተጨምሮለት የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል። ጀርመን ውስጥ የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብተው የሚጠባበቁ ወገኖቻችን የሚያውቁት የ80 ሳንቲሙ ሥራም የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። እዚያ ክርክሩ «አበል ላለው ሰው ሥራ ግዴታ ይሁን ወይ» የሚል ነው። እዚህ ግን ሴፍቲኔቱ ከሌለ ምንም የለም ማለት ይቻላል። መሥራት ለሚችል የከተማ ድሃ ከመንግሥት የሚመጣው ዋናው ድጋፍ በዚህ በር የሚገባው ነው፤ የሰው ጉልበት ዋጋ ከልክ በታች እንዳይወርድ የሚይዘውም ሳይታወቅ እሱ ሆኗል። ስለዚህ «ድሃን ማባበያ» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አይደለም ነው። ማባበያ ቢሆን ኖሮ የአሠሪዎችን ክፍያ ባላስጨመረ ነበር።

ይህን ስል ጉድለቱን አይቼ እንዳላየሁ እያለፍኩ አይደለም። ትልቁ ጉድለት ክፍያው ገበያውን ተከትሎ የማይሄድ መሆኑ ነው። ታሪፉ የሚሻሻለው በየዙሩ ሲሆን የጤፍና የዘይት ዋጋ ግን ዙር አይጠብቅም፤ በመካከሉ ሰውየው ያንኑ ቀን ሠርቶ የሚገዛው እያነሰ ይሄዳል። ደቡብ አፍሪካ በዚህ የተሻለ መንገድ አላት፤ የሕዝብ ሥራ ፕሮግራሞቿን ዝቅተኛ ክፍያ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ 55 ከመቶ ላይ ስላሰረችው ያኛው ከፍ ሲል ይህም አብሮ ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ የምወድላቸው የማኅበረሰብ ሥራ ፕሮግራማቸው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በዓመት 100 ቀን ገደማ ሳይቋረጥ የሚሄድ መሆኑ ነው። ሰውየው ቀሪውን ቀን ለሌላ ሥራ ፍለጋ ያውላል፤ ገቢው ትንሽ ቢሆንም መቼ እንደሚመጣ ያውቀዋል። ሌላው የእኛ ጉድለት ክፍያ መዘግየቱ ነው። በንግድ ባንክ ሒሳብ የሚገባው ገንዘብ አንድ ወር ሲዘገይ፣ ለባለጠጋ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ለተጠቃሚው ግን ከባለሱቅ ጋር መጣላት ነው። የጓንትና የጭንብል ነገርም ያሳስበኛል፤ ቦይ ውስጥ በባዶ እጅ ቆሻሻ የሚያወጡ እናቶችን አይቻለሁ። ወንድምዎ ይህን ሲያይ ዝም ባይል ደስ ይለኛል፤ የሥራ መሣሪያና መከላከያ መጠየቅ መብቱ ነው።

«መንገድ አልጠርግም» ስላለው ደግሞ። በዚህ ላይ ልቆጣው አልፈልግም። አራት ዓመት ሙሉ «ምሩቅ» ሲባል የኖረ ልጅ ማለዳ መጥረጊያ ይዞ የክፍል ጓደኛው ሲያልፍ የሚሰማውን ሐፍረት «ሥራ ክቡር ነው» የሚል ጥቅስ አያጠፋውም። የሚያጠፋው ሥራውን ማወቅ ነው። የአካባቢ ልማት ሥራ መጥረግ ብቻ አይደለም። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ማጽዳትና መሥራት፣ የወንዝ ዳር መከላከያ፣ የአረንጓዴ ቦታ ልማት፣ የከተማ ግብርና፣ የድንጋይ ንጣፍ፣ የጋራ መጸዳጃ ቤትና መሰል ማኅበራዊ ግንባታዎችም አሉበት። የቧንቧ ባለሙያ የሆነ ሰው በቦይና በመጸዳጃ ቤት ግንባታ ላይ ቢመደብ ወረዳውም ያተርፋል፣ እሱም ሙያውን አይረሳም። ይህ ግን ማንም አስቦለት የሚደረግ አይደለም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዲፕሎማውን ኮፒ አድርጎ ለወረዳው ባለሙያና ለቡድን መሪው ይስጥ፣ በዚህ ዘርፍ ልመደብ ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። በመጀመሪያው ሳምንት መጥረጊያ ቢሰጡት ይጥረግ፤ ጥያቄውን ግን አያቋርጥ።

ከዚያ በላይ የሚያተርፈው የሥራ ላይ ልምምዱ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ የተጨመረው ይህ ክፍል ሥራ ያጡ፣ ትምህርታቸው ብዙ ያልገፋ የከተማ ወጣቶችን በድርጅቶች ውስጥ ለወራት እያሠለጠነ የሚያሠራ ነው፤ የኪስ ገንዘቡን የሚከፍለው ፕሮጀክቱ ስለሆነ ድርጅቱ የማያውቀውን ልጅ ለመሞከር አይፈራም። በእኔ አስተያየት በሕዝብ ሥራና በቅጥር መካከል ያለውን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው እንዲህ ያለ በእውነተኛ አሠሪ ግቢ ውስጥ የሚገኝ ልምድ ነው። ወንድምዎ በትምህርት ደረጃው ይፈቀድለት እንደሆነ ወረዳውን ይጠይቅ። ከተፈቀደለት ከመጥረጊያውም ከቦይውም ይህን ያስቀድም፤ ያለ ማመንታት።

ባይፈቀድለትም መንገድ አልተዘጋበትም። በአዲስ አበባ በወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት አለ። አንዱን ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡት፤ ከተማ መሃል፣ አራት ኪሎ አካባቢ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ድረስ እየሄደ እንዲያይ። ሌላውን ቡድን ማመልከቻና የሥራ ልምድ ጽሑፍ አዘገጃጀት አስተማሩት፣ ለቃለ መጠይቅ አለማመዱት፣ ችሎታውን ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡት። ለጊዜው ሁለቱም ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ ችሎታቸውን በወረቀት ማሳየት የቻሉት ልጆች ግን ገቢያቸው ከፍ ብሎ፣ በሥራቸው ረክተው፣ ሥራቸው ላይም ረዘም ብለው ቆይተው ተገኙ። ቀጣሪ የሚፈራው የማያውቀውን ሰው ነውና። ወንድምዎ የብቃት ምዘናውን ወስዶ የብቃት ማረጋገጫውን አውጥቷል? ካላወጣ፣ ከሴፍቲኔት የመጀመሪያ ወራት ክፍያ ላይ የምዘናው ወጪ ተነሥቶ ይቀመጥ። ቀትር ላይ ሥራ ሲጨርስ በሰፈሩ ካለ የቧንቧ ሠራተኛ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን በረዳትነት እንኳ ይሥራ፤ የሠራውን ሁሉ በፎቶ ይያዝ። ወር እስከ ወር ሳይቀር ከሠራም ከቡድን መሪው የተጻፈ ማረጋገጫ ይጠይቅ። «ለዚህን ያህል ጊዜ ሰዓቱን አክብሮ ሠርቷል» የሚል የታተመ ወረቀት ለአራት ዓመት ባዶ ሆኖ ለቆየ የሥራ ልምድ ጽሑፍ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጠባው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ዙር ሦስት ዓመት ይቆይ ነበር፤ የሥራ ቀኖቹም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ ይሄዱ ነበር። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰውየው ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ገቢ እንዲሸጋገር። በመጨረሻ ለቤተሰቡ ከተጠራቀመው ቁጠባ ጋር የሚዳመር መነሻ ገንዘብ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የሥራ ሐሳብ ማዘጋጀትና አጭር ሥልጠና አለ። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሐሳቡን የሚያስበው ገንዘቡ ሊሰጥ አንድ ወር ሲቀረው ነው፤ ከዚያ ጎረቤት የሠራውን ያስገባል፣ ሁሉም ድንች ጥብስ ወይም በግ ማድለብ ይሆናል። የእናንተ ቤት ሙያ ያለው ሰው አለው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሐሳቡን ለቧንቧ ሥራ መሣሪያዎች ያድርገው፤ የቧንቧ ቁልፍ፣ የቧንቧ መቁረጫና የቧንቧ ጥርስ ማውጫ ምን ያህል እንደሚያወጣ መርካቶ ወርዶ ይወቅ፤ ሥልጠናው ላይም «ምን ልሥራ?» ሳይሆን «ይህን ልገዛ ነው» ብሎ ይቅረብ። የቁጠባ ሒሳቡ የማን ስም እንደሆነና መቼ እንደሚወጣም በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅ፤ ደብተሩን እናትዎ ይያዙት።

በመጨረሻ የእርስዎ ጉዳይ አለ፤ ጥያቄዎ ውስጥ «እኔም ትንሽ ልጅ ስላለኝ» ብለው አልፈውታል። የሥራ ቀኖቹ የቤተሰቡ ናቸው ብዬ ነበር። ወንድምዎ ልምምድ ወይም የቀን ሥራ ሲያገኝ፣ ስምዎ በቤተሰቡ ምዝገባ ላይ ካለ፣ በእሱ ፈንታ እርስዎ መሥራት ይችላሉ። በአንዳንድ ወረዳ ከተጠቃሚዎቹ መካከል ጥቂቶቹ የሌሎቹን ሕፃናት እንዲጠብቁ ይመደባሉ፤ ይህም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። በእናንተ ወረዳ ካለ፣ ለእርስዎ ከማንም በላይ የሚስማማዎት እሱ ነው፤ ከሌለም አምስት ስድስት ሆናችሁ እንዲጀመር መጠየቅ ትችላላችሁ። የቡድን መሪው አንቀበልም ቢል፣ ወይም ምልመላው ላይ የቤተሰባችሁ ቁጥር ተዛብቶ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ አመልክተው የተቀበሉበትን ቀን ያስፈርሙ። ሰው ስትተኩ ግን ሁልጊዜ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ሳያስታውቁ የቀሩበት ቀን ከክፍያ ላይ ይቀነሳል።